ለጥቁሩ ማሽን ብቻ

ሬሳው ጆይስቲክ እንደያዘ ነበር።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ለቀመችው። የሙከራ ክፍል ይሉታል። መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ስለሚነፋ እንደ ሥጋ ማቆያ ይበርዳል። የጌም ድርጅቱ አለቃ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር ተፋጦ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል። የሁለተኛው ጆይስቲክ ገመድ ከወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ወድቋል።

«መቼ ሞተ?» አለች።

«በዚህ ብርድ ምን ልበልሽ?» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ጠዋት ነው። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ጠንቋይ ጥሪ።»

ሳጅኑ ግን ሥራውን ጨርሷል። ገዳዩን ይዞ፣ በካቴና ጠፍሮ፣ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦታል። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የጌሙን ታሪክ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ሁሉም ደራሲው ይለዋል። ረፋድ ላይ የሙከራ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሲጮህ ፎቁ በሙሉ ሰምቶታል። ከእሱ ቀጥሎ የገባው የድርጅቱ ደላላ ነበር፤ እሱ ሲገባ አለቃው ሬሳ ሆኖ ነው ያገኘው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «ከሰዓት ወደ እስር ቤት ይሸኛል።»

«አንተን ምሳ ነው የሚያጣድፍህ። ለሰው ልጅ ዕድሜ ትንሽ ጊዜ አውጣ እንጂ!»

ጣቢያው ውስጥ እሾህ ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

ደራሲውን ባዶ ቢሮ ውስጥ አስገባችው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ምን አጣላችሁ?»

«አራተኛው ክፍል ነዋ!» አለ። «የጨው ከተማ የሚባለውን ጌም ያውቁታል? አያውቁትም። የመጀመሪያው ክፍልና ሁለተኛው ለሁሉም የጌም ማሽን፣ ለጥቁሩም ለነጩም ነበር የወጡት። ሦስተኛውን ወንድሜ ለጥቁሩ ማሽን አምራቾች ሸጠው። አንድ ዓመት ለእነሱ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላው። አንድ ዓመት ምን አላት አለን። ዓመቱ አልፎ ነጩ ማሽን ላይ ስናወጣው የሚቀበለን ጠፋ! ማን እንደሞተ፣ ማን እንደከዳ ሁሉም በወሬ ሰምቶ ጨርሶታል። ሌላው ተቀይሞን ሄዷል። ግማሹን ሕዝባችንን በገዛ እጃችን አባረርነው። አሁን ደግሞ አራተኛውንም እንደዚያው ሊያደርገው ዛሬ ሊፈርም ነበር።»

«ምን አልከው?»

ደራሲው አንገቱን ደፋ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም አልኩት።»

«እሱስ?»

«መች ዞሮ አየኝ! መጫወቱን ቀጠለ። እዚህ ቤት ሄድፎን አድርጎ የሚሞክር ሰው አይነካም፤ እሱም አይመልስልህም። ሕጋችን ነው። ግን ይሰማል፤ እየሰማ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው። ጀርባውን ስሰድብ ቆይቼ ወጣሁ።» ቀና አለ። «ሰምቶኛል አይደል? የመጨረሻ የሰማው ነገር እሱ ነው አይደል?»

ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን ዘለለችው። «ጌሙ ላይ ምን ሲያደርግ ነበር?»

«እ? የገመድ ድልድዩን ሲሻገር። እኔ አንጀቴ እየተቃጠለ ስጮህ እሱ ሹልክ ብሎ ተሻገረ።»

የጌሙን ፕሮግራም የምትጽፈው የኢንጂነሯ ቢሮ ከሙከራ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስትናገር ሰው ለመንከስ የምትዘጋጅ ትመስላለች።

«ድልድዩን ተሻገረ?» ብላ ሳቋ አመለጣት። «ሰው ሞቶ መሳቅ ነውር ነው፤ ይቅር ይበለኝ። ግን ያ ሰውዬ ያንን ድልድይ በአንዴ ተሻግሮት አያውቅም! ይወድቃል፣ ይራገማል፣ እንደገና ይወድቃል። ከዚያ ግድግዳውን እየደበደበ ነፋሱን አበዛሽው ብሎ እኔ ላይ ይጮሃል።»

«ትጠይው ነበር ማለት ነው።»

«አዎ፣ እጠላው ነበር። ምን ያስደብቀኛል?» አለች። «እርግጥ ያ ውል ባይኖር ሦስተኛው ክፍል አይወለድም ነበር፤ ደሞዝ የሚከፍለን አልነበረም። ይህን ማንም አይነግርዎትም፤ እኔ ልንገርዎት። ግን ለጥቁሩ ብቻ ነው ሲባል ለነጩ ማሽን የሚሠሩትን ልጆች ከሥራ በተናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ነጩ አዙሩት አለ። በማን እጅ? ብቻዬን አዞርኩት፤ እየተንቀራፈፈ ወጣ፤ ስድቡን ጠጣሁት።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«ሁሉንም። ሄድፎን ያደርጋል እንጂ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አይዘጋም፤ ጎረቤት ይሙት! መጀመሪያ የእምቢታውን ድምፅ ሰማሁ፤ ጡ፣ ጡ፣ ጡ። ሰው የተሳሳተ ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ የሚያሰማው ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ነካው አልኩ። ከዚያ ሙዚቃው ተነሣ። ደራሲው መጥቶ የጮኸው ቆይቶ ነው።»

«ጌሙ ያለ ሰው እጅ ይሄዳል?»

«ይሄዳል እንጂ። የጎበዝ ተጫዋች አጨዋወት ይቀዳና ማሽኑ ራሱ እየደገመ ይጫወተዋል፤ ስህተት ለመፈለግ ነው። መንፈሱ ነው የምንለው። ማንም ሰው ከማውጫው ገብቶ ሊያስነሣው ይችላል፤ ደላላው እንኳ ስናስነሣ አይ...» ኢንጂነሯ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ጉዴ!»

«አፍሽን እንደያዝሽ ቆዪ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ደላላው የሚባለው ከማሽን አምራቾቹ ጋር ውል የሚያዋውለው ሰውዬ ነው። ሱፉ ላይ አንዲት ፍንጣሪ አቧራ የለችም። ሬሳ ያገኘ ሰው ሳይሆን አውሮፕላን ያመለጠው ይመስላል።

«እኔ ጌም ተጫውቼ አላውቅም» አላት። «ሬሳ ሣጥን የሚሸጥ ሰው ይተኛበታል እንዴ?»

«ትሸጥ የነበረው ሬሳ ሣጥን ነው ማለት ነው?»

«ነገር አይጠምዝዙብኝ! እኔ እሱ በሕይወት እንዲኖር ነበር የምፈልገው። ሬሳ አይፈርምም።»

ይህ እንኳ እውነት ነው አለች በሆዷ፤ ደላላውን ግን ከዚያ በኋላም አልወደደችውም።

የቀረው አፈ ጉባኤ ነበር። ሥራው በየጊዜው ካሜራ ፊት ቀርቦ ከተጫዋቾች ጋር በላይቭ መነጋገር፣ ጥያቄያቸውን መመለስ፣ እርግማናቸውንም መቀበል ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከአፉ በፊት እጁ ይናገራል ይሉታል። አሁን ግን ሁለት እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቁጭ ብሏል።

«ደራሲው ሲጮህ እኔ ላይቭ ላይ ነበርኩ» አለ። «ደላላው ሬሳውን አግኝቶ እስኪጮህ ድረስ ከካሜራው ፊት አልተነሣሁም። ስንት ሰው እያየኝ!»

«ይሰድቡሃል አሉ።»

«እኔን፣ እናቴን፣ ያልወለድኳቸውን ልጆች ሳይቀር። እሱ ፈረመ፣ እኔ ተሰደብኩ። ለአራተኛው አይዞህ፣ ለሁሉም ማሽን ነው የምናወጣው አለኝ። እኔም ፊቴን አሳይቼ ለሕዝቡ ቃል ገባሁ።»

«አንተ በየትኛው ማሽን ነው የምትጫወተው?»

«በጥቁሩ ነዋ። ቀንና ሌሊት። የቤቱ ሰው አይደለሁ?»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደር ወጥታ የሳጅኑን ስልክ ተቀበለችና የዛሬውን ላይቭ ከፈተችው። ተመልካቾቹ ከሥር የሚጽፉትን እያነበበች ቆየች። አንዱ «አፈ ጉባኤ፣ ቀኝ እጅህን ሸጥከው እንዴ?» ብሏል። ሌላው «እሱንም ለጥቁሩ ማሽን ብቻ!» ብሎ መልሶለታል። ስልኩን ለሳጅኑ መለሰችለትና ሁሉንም ሙከራ ክፍል ሰብስብልኝ አለችው።

ሬሳው ተነሥቷል፤ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። አራቱም ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ አንዱ አንዱን አያይም። ቴሌቪዥኑ ላይ «ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ ብቻ ይታያል። ጌሙ ገና ስላላለቀ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት የሚያሳየው ሥዕል አልተሠራለትም።

«ጌሙን አስጀምሩልኝ» አለች ጆይስቲኩን ይዛ። «በየተራ።»

«ሰው ሞቶ እንጫወት?» አለ ደላላው።

«አንተም ትጫወታለህ፤ ተራህን ጠብቅ።»

ኢንጂነሯ ተቀብላ ሳታየው የታችኛውን ቁልፍ ተጫነች፤ ጌሙ ገባ። ኢንስፔክተሯ ወደ መጀመሪያው አስመለሰቻትና ሳጅኑን ካቴናውን ፍታ አለችው። ሳጅኑ አጉረመረመ፤ ግን ፈታ። ደራሲውም ዓይኑ እንባ አዝሎ የታችኛውን ተጫነ፤ ገባ። ደላላው ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች አገላበጠው። «የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለዓመታት የሸጠውን ነገር ከየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም! ኢንጂነሯ ምላሷን ነከሰች።

«አፈ ጉባኤ።»

«እኔ አልፈልግም።»

«አልጠየቅኩህም። ከኪስህ አውጣ፤ በሁለት እጅ።»

አፈ ጉባኤ ተቀበለ። አውራ ጣቱ ሳያስበው ቀኙን ቁልፍ ተጫነ።

ጡ!

ደንግጦ ደገመው። ጡ!

ኢንጂነሯ ክው አለች። «ይሄ ነው!» አለች። «ጠዋት የሰማሁት ይሄ ነው!»

«ጥቁሩ ማሽን ላይ ‹እሺ› የሚለው ቁልፍ ከታች ነው። ነጩ ላይስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«በቀኝ» አለች ኢንጂነሯ በቀስታ።

«ይህን አሁን እየጠየቅኩ ነው የተማርኩት። ደላላው አያውቅም፤ ስለዚህ ወደ ታች ያያል። እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አታዩም፣ አትሳሳቱምም። ሳያይ የሚሳሳተው በነጩ ማሽን እየተጫወተ ያደገ ሰው ነው። አፈ ጉባኤ፣ ጥቁሩን ቀንና ሌሊት እጫወታለሁ ያልከኝ ውሸት ነው። አለቃው በዚህ በጥቁሩ ማሽን ሲሠራ ነው የኖረው፤ ሦስቴ አይሳሳትም። ያንን ድልድይ ደግሞ በአንዴ አይሻገርም። ደራሲው ገብቶ ሲጮህ ድልድዩን የተሻገረው መንፈሱ ነው፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ሬሳ ነው። ስለዚህ የላይቭህ ምስክርነት አይጠቅምህም፤ አለቃው ካሜራ ፊት ከመቀመጥህ በፊት ሞቷል። ሄድፎን ያደረገን ሰው እዚህ ቤት ማንም እንደማይነካው ታውቃለህ። መንፈሱን ስታስነሣ ግን እጅህ የለመደበት ቦታ ሄደ።»

«ለአንድ ቁልፍ ብለው ሰው ይሰቅላሉ?» አለ አፈ ጉባኤ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ለእሱ ብዬ አይደለም። ጆይስቲኩን አስቀምጥና መዳፍህን ዘርጋ።»

አልዘረጋም። ሳጅኑ የቀኝ እጁን ይዞ ገለበጠው። ከመዳፉ ዳር እስከ ዳር፣ አለቃው አንገት ላይ እንዳለው ያለ ቀጭን ቀይ መስመር ተጋድሟል። ሳጅኑ ስለ ምሳ ማሰቡን ተወ።

አፈ ጉባኤ እንደሚጮህ ሁሉም ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት። ቃል አስገብተኸኛል አልኩት። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው እንኳ አላነሣም፤ ‹ይጠብቃሉ፤ የት ይሄዳሉ?› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ! እኔ ያንን ዓመት ጠብቄዋለሁ። ጥቁር ማሽን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ሦስተኛውን እዚህ በነፃ መጫወት ስችል ከሕዝቤ ጋር ጠበቅኩ። ካሜራው ፊት ደግሞ በጥቁሩ ግሩም ነው እያልኩ ዋሸሁላችሁ። ጠብቄ ሲደርሰኝ ምን ሆነ? የሚጫወተው ሰው የለም። ከተማው ባዶ ነው።»

«ሕዝብህን አትጥራ» አለችው ኢንጂነሯ። «እነሱ አኩርፈው ሌላ ጌም ፈለጉ። አንቆ የገደለ የለም።»

«እኔ ታስሬ ስሄድ ዝም ብለህ ልታይ ነበር!» ብሎ ደራሲው ዘሎ ሊያንቀው ሲል ሳጅኑ መሐል ገባ። ካቴናው ወደ አፈ ጉባኤ እጅ ተዛወረ።

ሳጅኑ ይዞት ሲወጣ ደላላው ጉሮሮውን ጠራረገ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ደራሲው ዞረ።

«ሐዘን ላይ መሆንህን አውቃለሁ። ግን ድርጅቱ አሁን የአንተ ነው። ሰዎቹ መልስ እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ» አለ ደራሲው። «የት ይሄዳሉ? ውጣልኝ!»

ደላላው ወጣ። ኢንጂነሯም ተከተለች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ሰውየውን በክርኗ ገፍታ ቀድማው ወጣች።

ደራሲው ባዶውን ወንበር እያየ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ኮቷን ደረበች። ማጽናናት የሥራዋ አካል ስላልሆነ አትወደውም፤ ሆኖም የዘለለችው ጥያቄ ነበረባት።

«አልሰማህም» አለችው። «ወንድም የለኝም ስትለው አልሰማህም። ቀድሞ ሞቶ ነበር።»

ደራሲው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ፊቱ ላይ ለአፍታ እፎይታ የመሰለ ነገር ታየ። ከዚያ ጠፋ።

«በሩ ጋ ስደርስ ተመልሼ ሌላም ነገር ብዬው ነበር» አለ። «እሑድ እናታችን ቤት እንዳትቀር፣ አብረን እንሄዳለን አልኩት። ተናድጄም ቢሆን ብዬዋለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ቆመች።

«እሱንም አልሰማኝም ማለት ነው?»

እሾህ የሚሏት ሴትዮ ማቀዝቀዣውን ዘጋችለትና ወጣች።