ከካዛንቺስ ያመጣሁት በር

ጠንቋይ፣ ዛር፣ ሙት መንፈስ ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ አንዱ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀምር «ለመሆኑ ምሳ ምን በልተህ ነው?» ብዬ የማሾፈው መጀመሪያ እኔ ነኝ። አሁንም አመንኩ አልላችሁም። የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእንጨት ሥራ ነው። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ባለቤቴ ማርታ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ነው፣ ቤቱ ጋራዥ አለው፣ እኛ ግን መኪና የለንም፣ እናም ጋራዡ ባዶ ጀሪካንና የተሰበረ ሶፋ ታቅፎ ሲኖር ኖሮ፣ አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ እያፏጨ ቁም ሳጥን ሲሠራ አየሁና «ይቺማ ቀላል ናት!» ብዬ መጋዝ፣ መላጊያና መሮ ገዝቼ ገባሁበት። የመጀመሪያ ሥራዬ ባለ አራት እግር በርጩማ ነበር፣ አንዱ እግር አጠረ፣ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ላስተካክል ስቆርጥ ሌላው አጠረ፣ እንዲህ ስቆርጥ ስቆርጥ መሬት ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ መንገዳገዱን ግን አልተወም። ማርታ ዞር ዞር እያለች አየችውና «ለዶሮ ነው?» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ የካዛንቺስ ቤት ፈረሰና ወደ እኛ መጣች። ተወልዳ፣ ተድራ፣ እኛን ወልዳ የኖረችበት ሰፈር ነው። እኛ ጋ ምንም አልጎደለባትም፣ ግን ሁለት ጉርሻ ትጎርስና «ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ከክፍሏ አትወጣም፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ በሽታ የለባትም ተባልን፣ እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየመነመነች ሄደች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምትሞትብኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። «እማዬ፣ ምንድነው የጎደለሽ?» ብላት፣ «እዚህ ቤት ሰው አያንኳኳም፣ ሊመጣ ሲል ስልክ ይደውላል» አለችኝ። በቃ፣ ቤቷ ሲፈርስ ያስቀረሁትን የድሮ የሳንቃ በሯን ጠረጴዛ ላደርግላት ወሰንኩ፣ ቢያንስ የገዛ ቤቷን እንጨት እየዳበሰች ትብላ ብዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። በሩን ሁለት ሳጥን ላይ አጋድሜ ስልገው፣ ከሥሩ ኳ፣ ኳ አለ። እንጨት ሲደርቅ ይንቋቋል ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ኳ ኳ፣ ከዚያ አረፍ ብሎ አንዴ ኳ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ድመትም የለ፣ አይጥም የለ፣ ከመላጊያው የረገፈ ሳጋቱራ ብቻ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ይኼኔ ነው እንግዲህ፣ ታፈን ባለ ድምፅ፣ ከበር ውጭ እንደቆመ ሰው፣ «ቤቶች!» የሚል የሰማሁት።

እመኑኝ፣ አላሰብኩበትም። እናቴ ቤት ያደገ ሰው «ቤቶች!» ሲባል አፉ በራሱ ነው የሚመልሰው፣ ማንነቱ የሚጠየቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናብ ነው!» አልኩና መላጉን ቀጠልኩ።

ከዚያ እጄ ቀጥ አለ። በሩ እኮ ተጋድሟል፣ ከበሩ ማዶ ያለው ሲሚንቶ ነው! የጫማ ጭቃ የሚጠርግ ሰው ድምፅ መጣ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ጋራዡም በጤና አዳም ሽታ ተሞላ፣ እኛ ግቢ ደግሞ ጤና አዳም በቅሎ አያውቅም። መሮዬን ጨብጬ ቀረሁ፣ በመሮ ምን ላደርግ እንደነበር እንጃ።

ቀና ስል እናቴ፣ ያቺ ከክፍሏ የማትወጣዋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ማን መጣ?»

«ማንም የለም እማዬ።»

«እንዴ! ዘነብን ነው ማንም የለም የምትላት? ስታንኳኳ አላውቃትምና ነው? ይልቅ መቀመጫ ስጣት፣ በዝናብ መጥታ ታቆማታለህ?»

እትዬ ዘነብ የካዛንቺስ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ጓሯቸው ጤና አዳም ብቻ ነበር፣ ያረፉት ሰፈሩ ሳይፈርስ ነው፣ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ይህንኑ ላስታውሳት ብዬ ፊቷን ሳየው በርቷል፣ ተውኩት። ከተሰበረው ሶፋ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ በርጩማዬን አቀረብኩ። ያ ዝንብ ሲያርፍበት የሚንገዳገድ በርጩማ አንዴ ቀጭ አለና ጸጥ አለ፣ በእግሬ ገፋ ባደርገው ንቅንቅ አላለም።

«ጉልበቴ አገጬን ነካው፣ የማን ሥራ ነው? ትላለች» አለች እናቴና ከት ብላ ሳቀች። እኛ ቤት ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ሙት በሥራዬ እንደሳቀብኝ እንኳ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ዕለት ራት የቀረበላትን ጥርግ አድርጋ በልታ «ጨምሩልኝ» አለች።

ለማርታ ስነግራት፣ «ቬርኒሹን በአፍንጫህ ነው እንዴ የምትቀባው?» ብላ አላገጠችብኝ። ጠረጴዛው አልቆ እማዬ እዚያው ጋራዥ ውስጥ መብላት ከጀመረች በኋላ ግን ምሳዋን ልታደርስላት ገብታ፣ የሁለት ሴቶች ሳቅ ሰምታ፣ ወጡን እያፈሰሰች ተመለሰች። «ይህ ጠረጴዛ ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» አለች። ላወጣው ሄድኩ፣ እማዬ ጉንጯ ሞልቶ፣ ሁለት ሳህን አቅርባ፣ ያረጀ ሐሜት እያነሳች ትጎርሳለች፤ እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ላውጣው? ማርታም አይታ ጠበል ረጭ አድርጋ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳህን የምታጥበው እሷው ናት። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን እማዬ ምሳዋን በልታ ስትነሳ፣ «ሁልጊዜ እሷ ብቻ ስትመጣ ነውር ነው፣ እኔም አንድ ቀን ሄጄ ልጠይቃት» አለችኝ።

«የት ነው የምትሄጂው እማዬ?»

«ቤቷ ነዋ!»

እናቴን አውቃታለሁ፣ ቤቷ መጥቶ ጠይቋት ሳትጠይቀው የቀረችው ሰው የለም። «በዚህ ጭቃ? መጀመሪያ ዝናቡ ይቁም» አልኳት። «እሺ፣ ዝናቡ ይቁም» አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይኸው እናንተዬ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠብ አላለም፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሀገር ልብሷን አጥባ ስታሰጣ አገኘኋት።