ራሴ እከፍተዋለሁ

በወደብ ከተማዋ ኪሉንግ ውስጥ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ቢዩንን ያን እሑድ ያስደነገጣት ከሰማይ የወረደው ሳይሆን ከወለሉ ሥር የወጣው ውኃ ነው። ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። ማድ ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭና የረጋ ስብ ይንሳፈፋል።

ቤቱ የአራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አባቷ ሲሞቱ የተዉላት ይህንኑ ነው። ወደቡ ላይ ሸራ እየሰፋች ብቻዋን ትኖርበታለች። አጎቷ ደሺንግ ግን ቤቱን ሊያሸጧት ከቆረጡ ዓመት አልፏቸዋል። የሆነውን በስልክ ስትነግራቸው ድምፃቸው በደስታ ሞቀ።

«አላልኩሽም? ቤት የወንድ ክንድ ይፈልጋል። ቅዳሜ ገዢ ይዤ እመጣለሁ። አንቺም ባል እስኪገኝልሽ እኛ ዘንድ ትገቢያለሽ።»

«ቅዳሜ ይምጡ አጎቴ። ገዢ ግን ይዘው አይምጡ። የተደፈነውን ቱቦ ራሴ እከፍተዋለሁ።»

«አንቺ?» ብለው ሳቁ። ስልኩን ዘጋችባቸው።

ወዲያው ቱቦ የሚጠርግ ረጅም ጥምዝምዝ ሽቦ ልትገዛ ወጣች። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ባልሽን ብትልኪው አይሻልም?»

«ባልም ትሸጣላችሁ? ካልሸጣችሁ ሽቦውን ስጠኝ።»

ቤት ገብታ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ያለውን ጎባጣ ቱቦ ፈታችው። ንጹሕ ነው። የተደፈነው ከግድግዳው ጀርባ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ ቱቦ ነው ማለት ነው። ሽቦውን እያሽከረከረች አስገባችው። ስትስበው እንደ ሻማ የነጣ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ስብ ይዞ ወጣ። በሕንፃው ውስጥ ለገበያ ዓሣ የሚጠብስ አንድ ቤት ብቻ አለ።

ባልዲውን አንጠልጥላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣችና በሩን ደበደበችው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ረጅም ወጣት ከፈተላት።

«ይህ የእናንተ ነው» አለችው። «ወድቆ ስላገኘሁት ልመልስላችሁ ብዬ ነው።»

ወጣቱ ባልዲውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ፤ ጉንጯ ላይ የተለጠፈውን ስብ፣ በቁጣ የፈጠጡትን ዓይኖቿን። ዓይኑን አልሰበረም።

«አዎ፣ የእኛ ነው» አለ።

ደረጃውን ስትወጣ ለጠብ ነበር የተዘጋጀችው። ጥፋቱን የሚያምን ሰው ይገጥመኛል ብላ አላሰበችም።

«ማነው፣ ያንቦ?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ሹ ከውስጥ።

«ጎረቤት ናት እማዬ።»

«ምን ይዛ መጣች?»

«ሥራችንን።»

ቢዩን ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«ልውረድና እኔ ልክፈተው» አላት።

«አይሆንም። እኔ ጀመርኩት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። አንተ ከላይ ሙቅ ውኃ ታፈሳለህ፣ እኔ ከታች እጠርጋለሁ። የእናንተንም ጎባጣ ቱቦ ፍታውና ስጠራህ ትሰማኛለህ።»

እውነትም ተደማመጡ። በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ እሱ ከገበያ እሷ ከሸራዋ ሲመለሱ፣ ድምፃቸው ከሽታው ጋር በቱቦው ይመላለስ ጀመር።

«አፍስስ!»

«በቃ?»

«በቃ! አቁም!»

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሳትጠራው ድምፁ መጣ። «እራት በልተሻል?»

«በዚህ በቆሸሸ እጄ? አይተኸው ጠይቀኝ!»

«አይቻለሁ እኮ። ሌላም ያየሁት ነገር አለ።»

ቱቦው ውስጥ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ቢዩን ሽቦውን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

«ምን አየህ?»

«ብዙ ሰው ሲቆጣ አይቻለሁ። ሲቆጣ የሚያምር ግን ያን ቀን በራችን ላይ ነው ያየሁት።»

እርጥብ ወለል ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ ጋለ። «አፍስስ!» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቀድሞው አልጠነከረም።

ዓርብ ጠራችው። መልስ የለም። ደግማ ጠራችው። ቱቦው ዝም አለ። «ሰለቸው» ብላ አሰበች። አልቅሳ ይሆናል፤ ሽቦዋን ግን አላስቀመጠችም። ሌላ የሚያፈስላት ሰው ስለሌለ ከታች ወደ ላይ ብቻዋን ስትገፋ አመሸች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽቦው አንድ ጠንካራ ነገር ያዘ። እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ሳበችው። ቡጢ የሚያህል የስብ ድንጋይ ወጥቶ ወደቀ። ከላይ የተጠራቀመው ውኃ እየተንጎራጎረ ቁልቁል ሲወርድ ሰማችው። ብቻዋን እንደ እብድ ጮኸች።

አጎቷ ከገዢው ጋር ሲደርሱ ወለሉ ደርቆ ነበር።

«እሺ፣ ከፈትሽው» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው። «እስቲ በዚህ እጅሽ ማን ያገባሻል?»

ሳትመልስላቸው ከደረጃው የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ያንቦ እየሮጠ ወረደ፤ እጁ እስከ ክርኑ በስብ ተለውሷል። ወይዘሮ ሹ ይከተሉታል።

«ትናንት እማዬ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ» አላት እያለከለከ። «አሁን ስገባ ድምፅሽ እንዳይሰማ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅጥቀውት አገኘሁ። አሁን ነው ያወጣሁት።»

«ቆሻሻ ስትዝቅ የምትውል ምራት ቤቴ አትገባም!» አሉ እናቱ።

«ቆሻሻው እኮ የእኛ ነው እማዬ። የእኛን ነው ስትዝቅ የሰነበተችው።»

ገዢው ጃንጥላውን ይፈልግ ጀመር።

ቢዩን አጎቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ያንቦ ዞረች።

«ቱቦ የሚከፍትልኝ ሰው አልፈልግም፤ ያን እችላለሁ። ታገባኛለህ?»

ያንቦ እጆቹን አየ። «ልታጠብና…»

«አትታጠብ። እንዲሁ ና።»

መጣ። በሁለት እጇ ያዘችው፤ የማን ስብ በማን እጅ ላይ እንዳለ መለየት አይቻልም ነበር።

አጎቷ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ቤቱም አልተሸጠም።