ነፋሱ ከኋላ

«ጉድጓድ!» ብላ ጮኸች ጉንዳን፣ የብስክሌቷን እጀታ ወደ ግራ እየጠመዘዘች።

«አየሁት!» አለ ወንድሟ ከኋላዋ።

ወዲያው ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ዷ ሲል ሰማች። ዞር ስትል ወንድሟ ከኮርቻው ተነስቶ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ፣ እንደ ምንም ሚዛኑን ሲመልስ አየችው።

«ማየትህ ይሄ ነው?»

«አየሁት አልኩ እንጂ አለፍኩት አልኩ?»

ጉንዳን ሳቀች። የወንድሟ መልስ እንደ ብስክሌቱ ነበር፤ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። የሰፈር ልጆች «ነፋሱ» ያሉትም ያለ ነገር አይደለም። ገና እግሩ ፔዳሉ ላይ በቅጡ ሳይደርስ ትልልቆቹን ጥሏቸው ይሄድ ነበር። እሷን «ጉንዳን» ያላት ደግሞ ራሱ ነው፤ በልጅነቷ ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር ካልተሸከምኩ ብላ ቤቱን ስለምታምስ።

ፈተናዋን ስትጨርስ የሐይቆቹን አገር በብስክሌት ሊያዞራት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ቃሉንም ጠበቀ። ትናንት ብስክሌቶቻቸውን አውቶቡስ ላይ ጭነው መጡ፤ ዛሬ ማለዳ ከእንግዳ ማረፊያው ወጥተው መንገድ ጀመሩ። መንገዱ ጠጠር የለበሰ ቀጭን መንገድ ነው። አንዱን ሐይቅ ዳር ዳሩን ታክኮ ይሄድና ኮረብታ ዞሮ ሌላ ሐይቅ ላይ ይወጣል። መኪና እምብዛም አያልፍበትም። ከጸጥታው የተነሳ ደንገሉ ውስጥ የተደበቀች ወፍ ክንፏን ስታራግፍ ይሰማል፤ ራቅ ብሎ ጀልባው ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ሲያስል እንኳ ድምፁ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይደርሳቸዋል።

ጉንዳንን ከሐይቁም በላይ ያስደሰታት ግን ከፊት መሆኗ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ወንድሟን ብስክሌት ላይ የምታውቀው በጀርባው ነበር፤ ስትደርስበት ይርቃል፣ ሲያዝንላት ቆሞ ይጠብቃታል። ዛሬ ግን «አንቺ ምሪ። ጉድጓድ ካየሽ ጩኺ» አላት። አድጌያለሁ ማለት ነው አለች በልቧ።

አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱላቸው። ጉንዳን ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ወንድሟ ግን ቀጥ ብሎ አለፋቸው።

«ሰውየው ሰላም ሲሉህ ምነው ዘጋሃቸው? ሼም ነው እኮ!»

«የቱ ሰውዬ?»

ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ገባ። ጉንዳን ፍሬኗን ለቃ፣ ሸሚዟ እንደ ሸራ ተነፍቶ፣ እየጮኸች ወረደች። ታች ደርሳ ጠበቀች። ወንድሟ ቢጠበቅ ቢጠበቅ የለም። በመጨረሻ ብስክሌቱን እየገፋ፣ በእግሩ መጣ።

«ፍሬኑ ላልቷል» አለ።

እጇን ሰዳ ፍሬኑን ጨበጠችው። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን ወደ ሐይቁ ፊቱን አዙሮ ነበር። የሰኞውን እያሰበ ይሆናል ብላ ተወችው።

ሰኞ የአባታቸውን ሚኒባስ ይረከባል። አባታቸው የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ናቸው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ልጆቹን ከየቤታቸው ሲለቃቅሙ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ወገባቸው እምቢ ብሏል። ነፋሱ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን አባታቸው በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው ሲጨፍሩ፣ እናታቸው «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሳትሰበር ተቀመጥ!» እያሉ በሳቅ ሲያለቅሱ ነበር።

ሊያዩት ያሰቡት የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ጋ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ሐይቁ ውስጥ እንደ ክንድ በተዘረጋ መሬት ላይ፣ ጣሪያቸውን ያጡ ግድግዳዎችና አንድ ሙሉ ቅስት ቆመዋል። ከድንጋዮቹ መሐል የበለስ ዛፍ በቅሎ ሥሩን በመስኮቱ በኩል አውጥቷል። ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አሮጊት ጠባቂ ከጥላ ሥር ተነስተው ተቀበሏቸው።

«የትኛውን ታሪክ ልንገራችሁ ልጆቼ? የጦርነት አለ፣ የፍቅር አለ፣ የተቀበረ ወርቅም አለ።»

«እውነተኛውን» አለች ጉንዳን።

«እሱማ አጭር ነው» አሉ ጠባቂዋ። «ማን እንደሠራው ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ሌሎቹን የምጨምርበት።»

ነፋሱ ከልቡ ሳቀ። ጠባቂዋም ወደዱት መሰል፣ ለሁሉም ሰው የማይከፍቱትን የምድር ቤት ሊያሳዩአቸው በሩን ከፈቱ። ነፋሱ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«እናንተ እዩት። እኔ ደክሞኛል።»

«አንተ? ደከመኝ?» ጉንዳን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ነፋስ ይደክመዋል እንዴ? ና በል፣ አትቀልድ!»

ተከተላት። ደረጃው ጠባብ ነው። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ሲወርድ ጫማው ድንጋዩን ሲፈትሽ ይሰማታል። ታች ሰፊ አዳራሽ አለ። በተሰነጠቀው ግንብ በኩል የሚገባው ብርሃን ቀጭን ቢሆንም፣ ዓይኗ ወዲያው ለመደው። መሐል ላይ ድሮ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ክዳን የሌለው ሰፊ ጉድጓድ አለ። ጠባቂዋ «ዳር ዳሩን ሂዱ» አሉ። ጉንዳን ዳር ዳሩን ይዛ ተሻገረችና ቀና ስትል፣ ጣሪያው ላይ የተቀረጹ ዓሣዎች አየች፤ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ ክብ ሠርቷል።

«ወይኔ፣ ያምራል! ና እዚህ ጋ፣ ቶሎ!»

ነፋሱ ወደ ድምጿ መጣ። ዳር ዳሩን አልያዘም። ፊቱን ወደ እሷ አቅንቶ፣ እጁን ትንሽ ወደፊት ዘርግቶ፣ ቀጥታ በጉድጓዱ በኩል መጣ። ለቅጽበት የሚቀልድ መሰላት። ወደ ታች አላየም። እጇን ከፍ አድርጋ ብታወዛውዝለትም ፊቱ አልተለወጠም።

«ቁም!»

ቆመ። የጫማው ጫፍ የነካው ጠጠር ተንከባልሎ ገባ፤ ቆይቶ ከታች የውሃ ድምፅ ተሰማ። ጠባቂዋ በቁጣ ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት።

«ምነው ልጄ! ይሄን የሚያህል ጉድጓድ አይታይህም?»

ነፋሱ መልስ አጣ። ጉንዳን በዕድሜዋ መልስ ሲያጣ አይታው አታውቅም።

ውጭ፣ ሐይቁን የሚያየው የፈረሰ ግንብ ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ኧረ ባክህ አትሸውደኝ።»

ከግንቡ ላይ ቁራሽ ድንጋይ አንስቶ በጣቶቹ አገላበጠው። «ቆይቷል። ቀን ደህና ነኝ። ፊት ለፊት ያለውን እንደ ንስር ነኝ፤ ያቺን ጀልባ ከነሰውየው ኮፍያ አያታለሁ። የጠፋው ጎን ጎኑ ነው። በቧንቧ እንደማየት ነው። ሲጨልም ደግሞ… ሲጨልም የለሁም።»

«ሐኪም ጋ ሄድክ?»

«ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። የእማዬን አጎት ታስታውሻቸው የለ? ሲጀምራቸው እንዲህ ነበር አሉ።»

ታስታውሳቸዋለች። መሬቱን በዘንግ እየነኩ ይሄዱ የነበሩት ናቸው።

«መንጃ ፈቃዱን ታዲያ እንዴት አለፍክ?»

«ያስነበቡኝ ፊደል ነዋ። ፊደሉ ደግሞ ፊት ለፊት ነበር።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን እምቢ አለው።

«ልጆቹን ስትሰበስብ እኮ ገና አልነጋም።»

«መብራት አለ። መንገዱን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ። ልጆቹ በየት በኩል ሮጠው እንደሚመጡ ግን አታውቅም።»

ድንጋዩን ወደ ውሃው ወረወረው። «አባዬን አይተሽዋል? ከመኪናው ሲወርድ በሩን ይዞ እስኪቀና የሚቆመውን? እኔ አልችልም ብለው ሰኞ ተመልሶ ሊገባባት ነው። ትንሽ ጊዜ ብቻ፣ ሌላ ሹፌር እስኪገኝ። እማዬ ትሙት በይ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ጉንዳን አፏን ከፈተች። ለነፋሱ ብላ ስንት ጊዜ በእናቷ ምላለች! ለሰበረው መስታወት፣ ከትምህርት ቤት ለቀረበት ቀን። መማል ምንም አይመስላትም ነበር። አሁን ግን በጨለማ ወደ መኪናው የሚሮጡ ልጆች ታዩዋት።

«አልልም።»

«ጉንዳን!»

«አልልም አልኩህ።»

«ባላመጣሁሽ ኖሮ ይሻለኝ ነበር!»

«ታዲያ ለምን አመጣኸኝ?»

ጀልባዋ ከደንገሉ ኋላ እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

«ሳይጠፋብኝ ልየው ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሐይቁን። ብቻዬን ደግሞ አልችልም።»

ጉንዳን ተናዳበታለች፣ አዝናለታለች፤ የትኛው እንደሚበልጥ አታውቅም። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደገፈች። ሳይሸሻት ተቀመጠ።

ሲነሱ ፀሐይዋ ኮረብታውን ነክታ ነበር። ወደ ማረፊያው ገና ሳይቃረቡ መንገዱ ግራጫ እየሆነ መጣ። ጉንዳን ምንም ሳትል ከብስክሌቷ ወረደች። እሱም ወረደ። ጎን ለጎን እየገፉ፣ የሰንሰለቶቹን ቀጭን ድምፅ እየሰሙ ሄዱ።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ጉንዳኔ! ያ ነፋስ የት ገባ? ስልኩን አያነሳም።»

«አለ፣ አባዬ።»

«መኪናዋን አሳጥቤያታለሁ በይው። ወንበሩንም ለሱ ቁመት ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩት፤ እግሩ ረጅም ነው አይደል?» አባቷ ሳቁ፤ ከሳቁ መሐል ወገባቸው ሲቆርጣቸው የሚያወጡትን አጭር ትንፋሽ ሰማች። «ምነው ዝም አልሽ? ደህና አይደላችሁም?»

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ደክሞን ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ቀላል ነው። ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። በግማሽ ጨለማው ውስጥ የአባቱን ድምፅ እያዳመጠ፣ ቀስ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ አይሆንም፣ አይሆንም። ፊቱ ወደ እሷ ነው፣ ዓይኖቹ ግን ትንሽ ከጎኗ አልፈው ባዶ መንገድ ላይ አርፈዋል።

«ደህና ነን፣ አባዬ» አለች። «እሱ ግን የሚነግርህ ነገር አለው።»

ስልኩን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። መጀመሪያ እምቢ ያላት መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን እንዳላየው ገባት። ብስክሌቷን መንገዱ ዳር አጋድማ እጁን ፈልጋ ያዘች፤ መዳፉን ከፍታ ስልኩን አስቀመጠችበት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ሃሎ?» ይላሉ አባታቸው ከውስጥ። «ሃሎ? ልጄ?»

ነፋሱ ስልኩን ወደ ጆሮው ወሰደ። ጉንዳን ርቃ አልሄደችም፤ የብስክሌቱን እጀታ ይዛለት አጠገቡ ቆመች። ሐይቁ ላይ የመጨረሻው ብርሃን ጠፋ።

«አባዬ» አለ በመጨረሻ። «ተቀምጠሃል?»