መገንጠያው ላይ ማን ቆሟል?

...ኧረ እንዳትቀመጥ! ለመቆም ነው የመጣነው። ና ወዲህ ውበቱ፣ ከነጋቢህ ተጠጋ። ባትሪህን አጥፋውና የመኪና ድምፅ ስንሰማ ታበራዋለህ። የነማንደፍሮ እናት ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ አምቡላንሱ ከከተማ ተነስቷል። እስኪደርስ እኔ እያወራሁ ነው፣ እነዚህ ደግሞ እየፈሩ ነው። ምንም አላመለጠህም። ሰውዬው ገና ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ነው።

ሰውዬው መኳንንት ይባላል። ጊዜው ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የጣሊያን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ ካርድ በጥፍራችን እየፋቅን የምንሞላበት ጊዜ ነው። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ። እሱም ሲፈልግ ነው።

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። ጨረቃ የለችም። የመንደሩ ወንድ በሙሉ ማዶ ሰርግ ሄዶ እዚያው አድሯል። መኳንንት የቀረው ሚስቱ አትጠገብ መውለጃዋ ስለደረሰ ነው። ወለደች። ወንድ ልጅ! ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ለምን ተቆረጠ? ደሙ አልቆም አለ። «ምን ትገተራለህ፣ ሂድ ደውል!» ብለው በር ላይ የቆመውን መኳንንት ገፈተሩት።

እንግዲህ መኳንንት ማን ነው? ድምፁ ብቻ የአንድ ሰፈር ሰው የሚያህል። ከዚህ ሆኖ በሬ ቢጠራ ማዶ ያለው በሬ ይመጣል። «ጅብ ሲያየኝ ራሱ መንገድ ይለቃል» የሚል ሰው ነው። ቀን ቀን። ሲመሽ ደግሞ ሽንት ቤት እንኳን ውሻውን አስከትሎ ነው የሚሄደው። ምን ትስቃለህ ውበቱ? አንተስ ለምን ከኋላዬ ቆምክ?

ደወለ። ወለላ አነሳች።

ወለላ ከተማ ጤና ጣቢያው ውስጥ ስልክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት። አምቡላንሱን የምታሰማራው እሷ ናት። ፊቷን የመንደሩ ሰው አያውቀውም፤ ድምጿን ግን ሁሉም ያውቀዋል። «አትጨነቅ» አትልም። ሰው አትጨነቅ ሲልህ ነው እኮ የምትጨነቀው። እሷ ትጠይቃለች። ማን ነው የታመመው? ምን ሆነ? መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሌ አንድ ጥያቄ አላት፦ «መገንጠያው ላይ ማን ቆሟል?»

ለምን ትጠይቃለች? መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላላ! በስተቀኝ መንደሩ፣ በስተግራ ድንጋይ መፍለጫው። በጨለማ ሁለቱም አንድ ናቸው። ወደ መፍለጫው የገባ መኪና ደግሞ ማዞሪያ አያገኝም፤ እስኪወጣ ይነጋል። ስለዚህ ሰው መብራት ይዞ ይቆማል። ደንቡ ነው።

መኳንንት ከድንጋዩ ወደ መገንጠያው ለመውረድ በየት በኩል ማለፍ አለበት? በሉ እስቲ። በመቃብሩ በኩል!

«ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ? መኪናው ወጥቷል። መገንጠያው ላይ ማን ቆሟል?»

«ሰው አለ፣ እህቴ። ቆሟል።»

«ማን?»

አያችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ያልፋል። ወለላ ግን ነቄ ናት። ስንቱ «ቆሟል» እያለ አቃጥሏታል።

«ስሙን ንገረኝ፤ ለሾፌሩ እነግረዋለሁ» አለችው።

የመኳንንት አፍ ተከፈተ። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ጠራ።

«አያ ፈንቴ!»

አያ ፈንቴ ማን ናቸው? ሰው ሁሉ ባትሪ ሲገዛ «እኔ በፋኖሴ» ያሉ፣ በቀኝ እግራቸው የሚያነክሱ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚቆጡ ሽማግሌ ነበሩ። ነበሩ አልኩ፣ ሰማችሁኝ? ከሁለት ክረምት በፊት ሆዳቸውን ታመው አምቡላንስ ተጠራላቸው። ይሄኛው ያኛው ቆሟል አለ። ያኛው ይሄኛው ቆሟል አለ። ማንም አልቆመም። መኪናው ወደ መፍለጫው ገባ። እስኪወጣ አያ ፈንቴ አልጠበቁም። የተቀበሩትም እዚያው ነው፣ መኳንንት ሊያልፍበት የፈራው ቦታ።

«እሺ፤ አያ ፈንቴ መብራት ይያዙ» አለች ወለላ። ምን ታውቃለች? «አሁን ሚስትህ ጋ ማን አለ?»

«ሴቶቹ አሉ። ቤቱ ከታች ነው፣ አይሰሙሽም።»

«አንተን ይሰሙሃል?»

«እኔን? እኔንማ አገር ይሰማኛል!»

«እንግዲያው እኔ የምልህን ጩህ። ልጁን ጡቷ ላይ ያድርጉት።»

«ልጁን ጡቷ ላይ አድርጉት!»

«ሆዷን ከእምብርቷ በታች አጥብቀው ይሹት፤ እጃቸውን እንዳያነሱ።»

«ሆዷን እሹ! ከእምብርት በታች! እጃችሁን እንዳታነሱ!»

ውሾቹ ጮኹ። ዶሮው ነግቷል ብሎ ጮኸ። ከታች የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፦ «ደሙ ቀነስ ብሏል! ግን አልቆመም! መኪናው የታለ?»

መኳንንት ይሄን ሰማ። መኪናው ወደ መፍለጫው ከገባ አትጠገብ አለቀላት። ያውቃል። ውሸቱ ነው የሚገድላት። ስለዚህ ምን አደረገ? እውነቱን ልፍረድለት፣ ለመውረድ ተነሳ። አንድ እግሩን ከድንጋዩ አወረደ። ሁለተኛውን ሊያወርድ ሲል...

ቆይ። የመኪና ድምፅ ነው? አይደለም፣ ንፋስ ነው። የት ደረስኩ?

መገንጠያው ላይ መብራት አየ።

ትንሽ ብርሃን። «እሰይ፣ ሰው አለ!» አለ። ከዚያ ልብ ብሎ ሲያይ ብርሃኑ ቢጫ ነው። የባትሪ መብራት እንዲህ ቢጫ ነው እንዴ? የፋኖስ ነው። ፋኖስ ደግሞ በመንደሩ ማንም የለውም። ከዚያ ብርሃኑ ተንቀሳቀሰ። እንዴት ተንቀሳቀሰ? ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። እንደሚያነክስ ሰው። ከዚያ ሳል ሰማ። እህህ... እህህ... ደረቅ የሽማግሌ ሳል።

«እህቴ» አለ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «መብራት ታየኝ።»

«የት?»

«መገንጠያው ላይ።»

«አያ ፈንቴ ናቸዋ!»

«አያ ፈንቴማ...»

«ምን ሆኑ?»

ምን ይበላት? ሞተዋል ይበላት? «ደህና ናቸው» አላት።

«ታዲያ ድምፅህ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው? ስልኩን እንዳትዘጋው፣ አለሁ። ያልኩህን ድገምላቸው።»

እና ያቺ ልጅ መኪናው እስኪደርስ ከመስመሩ ላይ አልወረደችም። ላይ እሱ ይጮሃል፣ ታች ሴቶቹ ያሻሉ። ኋላ የመኪናው መብራት ከወንዙ በኩል ወጣ። መገንጠያው ጋ ቆመ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ወደ መንደሩ!

መኳንንት እንዴት ቤቱ እንደደረሰ ራሱም አያውቅም። ከአምቡላንሱ ጋር የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ትርንጎ፣ መኪናው ሳይቆም ነው የዘለለችው። መሬቱ ላይ ተንበርክካ መርፌዋን ወጋች፣ ስታሽ ከነበረችው ሴት ተቀብላ ማሸቱን ቀጠለች። «ማነው እሹ ያላችሁ? በሕይወት ያቆያት እሱ ነው» አለች። ደሙ ቆመ። አትጠገብ ዓይኗን ገልጣ «ማነው ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሆዴ ለአገር ሲያውጅ ያደረው?» አለች። ስትቆጣ ጊዜ ሴቶቹ እንደምትድን አውቀው አለቀሱ።

አያናው፣ ሾፌሩ፣ ቃሬዛውን ከሴቶቹ ጋር ተሸክሞ እየወጣ፣ «ድምፅህን ከወንዙ ጀምሮ ነው የሰማነው» አለው። «የኛ ሳይረን ተበላሽቷል፤ አንተን ጣሪያው ላይ ብናስርህ ምን ይመስልሃል?»

መኳንንት አልሳቀም። ያቺ ቢጫ መብራት ከዓይኑ አልጠፋችም።

ለዚህ ነው ወዳጄ ሁለት ሦስት ሆነን የምንቆመው። ብቻህን ቁም የሚልህን ሰው እንዳትሰማው። መገንጠያው የትኛው ነው ትለኛለህ ውበቱ? እግርህ ስር ያለውን መንገድ እየው፤ ስንት ቦታ ይከፈላል? ወደ ኋላህ ግን አትዙር።

እና ሲስተር ትርንጎ የመኪናውን በር ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። መኳንንትን ጠራችው።

«አንተ አባወራ፣ እነዚያ መገንጠያው ላይ ያቆምካቸው ሽማግሌ ምንህ ናቸው? በዚህ ብርድ ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። መልእክት ሰጥተውኛል። ‹ስሜን የጠራውን ልጅ ንገሪው፤ ለሚቀጥለው ራሱ ይቁም። እኔ በዚህ እግሬ ከመቃብር መመላለስ ሰልችቶኛል› ብለውሃል።»