ያልደረቀ ቀንድ

በመንደራችን በፓታዳ አባቴን ባኪስዮን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ሰንጢዎቹን ያውቃል። አርባ ሦስት ናቸው። የምግብ ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅለዋል። የአንዱ እጀታ የሌላውን አይመስልም። የአውራ በግ ቀንድ አለ፣ የፍየል አለ፣ ገደል ገብቶ የተገኘ የዱር በግ ቀንድ አለ፣ ወይራና ጥድም አለ። አባቴ አርባ ዓመት በግ አርብቶ ያጠራቀመው ሀብት ይኸው ነው። ለእናቴ አንድ ጥሩ ጫማ ሳይገዛላት ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ገበታ ላይ ቢላዋ አይቀርብም። ወንዱ ሁሉ ከኪሱ ሰንጢውን ያወጣና ዳቦውንም አይቡንም ለራሱና አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴት ይቆርጣል። ሴት በኪሷ ሰንጢ አትይዝም። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ የበላሁት ሁሉ አባቴ የቆረጠልኝን ነው። እሱ ደግሞ ሲቆርጥ ስስ አድርጎ ነው።

ኤፊዚዮን ያገኘሁት ነሐሴ ላይ፣ በሰንጢ ገበያ ቀን ነው። ከደቡብ፣ ከአርቡስ የመጣ ሰንጢ ሠሪ ነበር። የእነሱ ሰንጢ እንደኛ ቀጭን አይደለም፤ ስለቱ መሀሉ ላይ ይሰፋል። የእኛ ሰዎች በጠረጴዛው ፊት እየሳቁ ያልፉ ነበር። እኔ ግን ቆምኩ።

«ይኼ ሰንጢ ነው ወይስ እርጉዝ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «በግ መግፈፊያ ነው። የእናንተ ብርቱካን ለመላጥ ይሆናል።»

«ብርቱካን! አባቴ ይኼን ቢሰማ ጠረጴዛህን ይገለብጥልሃል።»

«አባትሽ ማናቸው?»

ስነግረው ሳቁ ጠፋ። የአርባ ሦስቱ ሰንጢዎች ወሬ ደቡብ ድረስ ደርሷል።

«የአርቡስ ሰንጢ አላቸው?»

«የለውም። ቦርጫም ሰንጢ ቤቱ አያስገባም።»

ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አነሳና እጄ ላይ አስቀመጠው። «እስኪ ክፈቺው» አለኝ። በሕይወቴ ወንድ ሰንጢ ሲያስይዘኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከፈትኩት። ዓይኑ እጄ ላይ ቀረ፤ እኔም መልሼ ለመዝጋት አልቸኮልኩም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና እየነዳ ይመጣ ጀመር። ጥር ላይ ሁለት ቀንዶች በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። የአባቱ መንጋ መሪ የነበረው አውራ በግ በዚያው ሰሞን ሞቶ ነበር።

«አንቺን ስጠይቅ ለአባትሽ የምሰጠውን ሰንጢ የምሠራው ከዚህ ነው» አለኝ። «ግን ሁለት ዓመት መድረቅ አለበት።»

«ሁለት ዓመት? እኔ እስከዚያ አርጅቼ ልጠብቅህ ነው?»

«እርጥቡን ከሠሩት ይጣመማል ቦናሪያ። ቀንድ አይቸኩልም።»

«እኔ እቸኩላለሁ። ለፋሲካ ሠርተህ ይዘኸው ና።»

ቀንዶቹን መልሶ በጨርቁ ጠቀለላቸው። ከዚያ «እሺ» አለ። እንደማይሆን እያወቀ ለእኔ ሲል ነው ያለው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከአሁኑ ይታወቅልኝ።

የፋሲካ ዕለት አባቴ ሰንጢውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። አጎቴ ፔፒኑ ማኘኩን አቆመ።

«ቦርጫም ነው» አለ አባቴ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ግን እጅ አለህ» አለ። ተነስቶ አርባ አራተኛ ሚስማር መታና ሰቀለው። በደስታ ላለማልቀስ ሳህን ለማንሳት ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ክፍሉ ሞቃት ነው። ቀንዱ ደርቆ ተጣመመ፣ እጀታውና ብረቱ ተላቀቁ፣ ስለቱ ወደ ጎን ዞሮ አልዘጋም አለ። አባቴ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ እየጠራ አሳየ። የሚቀጥለው እሑድ ኤፊዚዮ ለምሳ ሲቀመጥ ሰንጢውን ከሚስማሩ አውርዶ ፊቱ አኖረለት። በአገራችን የተሰጠ ሰንጢ ከተመለሰ፣ የሚቀጥለው መንገድ ወደ በሩ ነው።

«እርጥብ ቀንድ!» አለው። «ለቀንድ ትዕግሥት የሌለው ሰው ለልጄ ትዕግሥት ሊኖረው ነው?»

ኤፊዚዮ ፊቱ ቀላ። በጣቱ ወደ እኔ ቢጠቁም ነጻ ይወጣ ነበር። አልጠቆመም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሽ ባኪስዮ» አለ።

ያን ጊዜ የወደድኩትን ያህል ሰው ወድጄ አላውቅም።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ። «ሁለት ዓመት ይፈልጋል ሲለኝ ለፋሲካ አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ዝም በይ። ዳቦሽን ብይ።»

ሳህኔን አየሁት። ያቺው ስስ ቁራሽ ናት። ጠማማውን ሰንጢ ከኤፊዚዮ ፊት አነሳሁና ዳቦውን ወደ እኔ ጎትቼ ቆረጥኩ። እጀታው ይወዛወዛል። ቁራሹ ወፍራምና ሰያፍ ሆኖ ወጣ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋን የደበቀች መሰለኝ።

«አስቀምጪ!» አለ አባቴ።

«አላስቀምጥም።»

«አይዘጋም እኮ» አለ አጎቴ ፔፒኑ።

«ተከፍቶ ይኖራላ!»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን ይዘሽ ከወጣሽ እዚህ ገበታ ተመልሰሽ አትቀመጪም።»

ሰንጢውን በናፕኪን ጠቅልዬ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ኤፊዚዮ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። «በደረቀ ቀንድ ሌላ እሠራልሻለሁ» አለኝ። «ይኼንን ስጪኝ። ያሳፍረኛል።»

«አልሰጥህም።»

«ለምን?»

«ቀጥ ያለ ሰንጢማ አባቴ ጋ አርባ ሦስት አለ። ይኼኛው የእኔ ነው። በል ንዳ።»

በመከር አርቡስ ላይ ተጋባን። አባቴ አልመጣም። እናቴ ግን በአውቶቡስ መጣች። እግሯን ሳይ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ራሷ ነው የገዛችው።

እኔም የራሴን ግድግዳ ጀመርኩ። ሠሪዎቻቸው የጣሏቸውን ነው የምሰበስበው፦ ቀንዱ የተሰነጠቀ፣ ወይራው የተከፈለ። አሥራ አንድ ደርሰዋል። ጠማማው ግን አይሰቀልም፤ በየቀኑ ዳቦ እቆርጥበታለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀትር ላይ፣ አባቴ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል። የመጣበትን አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ምሳ ደርሶ ነበርና ተቀመጠ።

እንደ ልማዱ እጁን ኪሱ ከተተ። ያን ጊዜ ዳቦው አጠገብ ጠማማውን ሰንጢ አየው። በሌላው እጁ አንስቶ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አገላበጠው።

«ደርቋል» አለ። «ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም። ቢሞረድ ይዘጋል። ስጪኝና ላስተካክለው፤ ሚስማሩን አልነቀልኩትም።»

ኤፊዚዮ አፉን ሊከፍት ሲል ከጠረጴዛው ሥር እግሩን መታሁት።

«አይሞረድም አባዬ። እንዲህ እንዳለ ነው የወደድኩት።»

አባቴ ባሌን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳዬ ላይ ያሉትን ስንጥቅጥቅ ሰንጢዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ እጁን ከኪሱ ባዶውን አወጣ። በሕይወቱ ሰው ቆርጦለት የማያውቅ ሰው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«በይ እንግዲህ» አለ፣ «ቁረጪልኝ።»

ቆረጥኩለት።

«ወፍራም ነው» አለ።

«ብላ» አልኩት።

በላ።