ከኋላ ወንበር ወራጅ ያለው ሰው

ወዳጄ፣ እኔ ጥላ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ፊቴ ላይ ካወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር ወንበሬን አዙሬ ነው የምቀመጠው። ዕድሜዬን ሚኒባስ ታክሲ ስነዳ ጨርሻለሁ፣ በዝናብም በጭጋግም ነድቻለሁ፣ ከሰካራምና ከትራፊክ ፖሊስ በቀር መንገድ ላይ የሚያስፈራ ነገር አላጋጠመኝም። ይህን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሂድ ተኛ ነበር የምለው።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ በአሰለፈች የጉልበት ሕመም ነው። አሰለፈች ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሰራለች፣ የምንኖረው ደግሞ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጉልበቷ እምቢ ሲል ታክሲ መጋፋት አቃታትና ስራዋን ትታ ቤት ዋለች። ቤት መዋል እሷን አይሆናትም፣ መስኮት ስር ተቀምጣ ዝም ማለት ጀመረች፣ ምሳ ሳቀርብላት አልራበኝም፣ ጎረቤት ሲመጣ አሞኛል፣ እመነኝ ሴትዮዋ ዓይኔ እያየ ነው ያለቀችው።

ልጃችን ቤቲ ሃያ ሁለት አካባቢ ባንክ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ እናቷን እንዲህ ስታያት አንድ ነገር ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ በየወሩ እየተከፈለ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መኪና አለ፣ ሰብስክሪፕሽን ይሉታል። አንድ ወር ሞክሩት፣ ካልተመቻችሁ ይመለሳል፣ አለቀ።»

«የሰው መኪና ልነዳ?» አልኳት።

«ታክሲህስ የማን ነበር?»

እሺ አልኳት። ቁልፉን ስትሰጠኝ ግን ሳትለቀው ያዝ አድርጋ፣ «ጆሮህ እንደ ድሮው አይደለም፣ እልህህ ግን እንደ ድሮው ነው። አንድ የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ያኔውኑ ትመለሳለች፣ እማዬም ቤት ትቀመጣለች፣ ነገርኩህ» አለችኝ። ልጄ ያለችውን ታደርጋለች፣ በእኔ ወጥታለች።

መኪናዋ ጥሩ ናት፣ መካድ አይቻልም። የቤንዚን ሰልፍ የለ፣ እንደ ስልክ ነው የምትሞላው፣ ስትነሳ ድምፅ የላት፣ ስትቆም ድምፅ የላት፣ መጀመሪያ ሰሞን ጠፍታብኝ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ቁልፉን ደጋግሜ እጫን ነበር። ስትናገር የምትናገረው በቻይንኛ ነው፣ ስክሪኗ ላይ የሚጻፈውም ቻይንኛ ነው፣ እኔ አማርኛውንም ቢሆን እየተደናቀፍኩ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ሁለታችንም ዝም ብለን ተስማማን። ይህን ያዝልኝ፣ መኪናዋ አማርኛ አትችልም።

ጠዋት አሰለፈችን ሩዋንዳ አድርሼ ባዶዬን ወደ አራብሳ እመለሳለሁ፣ ወደ ማታ ደግሞ ሄጄ አመጣታለሁ። አሰለፈች ሰው ሆነች፣ ማታ ማታ የደንበኞቿን ወሬ እየነገረችኝ ትስቃለች፣ ያቺ የሙሽራ ልብስ ያሰፋችው ሁለቴ ወፍራ መጣች፣ ያኛው ሱሪውን አስጠብቦ መቀመጥ አቃተው፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። እኔም ደስ ብሎኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አድርሻት ስመለስ መኪናዋ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመረች፣ ፊቴ ላይ የቀበቶ ምልክት በራ። ቀበቶዬን አስሬያለሁ። ቀስ ብዬ ሳጣራው ምልክቱ የኋላ ወንበር ነው፣ ከእኔ ኋላ በቀኝ በኩል ያለው፣ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚጮኸው ማለት ነው። ዞሬ አየሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ፌስታል እንኳ የለበትም። የቻይና ዕቃ አልኩና ነዳሁ።

ጎሮን አልፌ ወደ አራብሳ ስቃረብ መንገድ ዳር አንድ ያልተጨረሰ ሕንፃ አለ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ፌርማታ አይደለም፣ ሱቅ የለ፣ ቤት የለ፣ ማንም አይወርድበትም። እዚያ ስደርስ ከኋላዬ አንድ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ወራጅ አለ» አለ።

እንግዲህ አንተ ታክሲ ነድተህ ካላወቅህ ይህ አይገባህም፣ ዕድሜ ልክህን ከኋላህ ወራጅ አለ ሲሉህ ስትቆም ከኖርክ እግርህ አንተን አይጠይቅም፣ ራሱ ፍሬን ይረግጣል። ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ቲንቲኑ ቀጥ አለ። ያኔ ነው እኔ ታክሲ እየነዳሁ እንዳልሆነ ትዝ ያለኝ። ዞሬ ሳይ ማንም የለም፣ በሩም አልተከፈተም፣ ወንበሩ ግን፣ አደራህን አትሳቅ፣ ሰው ሲነሳለት ስፖንጁ ቀስ ብሎ እንደሚነፋው ሲነፋ አየሁት።

ከአጠገቤ ያለፈ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ብሎ ይሆናል፣ ወንበሩም አዲስ ነው፣ ብዬ ለራሴ መለስኩለት። በማግስቱ ምንም የለም። ሌላ ቀን ግን ያው ቲንቲን ከሩዋንዳ ጀምሮ፣ ያው ድምፅ ያው ቆርቆሮ አጥር ጋ። ድምፁ ቁጡ አይደለም፣ የሚያስፈራም አይደለም፣ ከስራ ደክሞት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ድምፅ ነው። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፣ መኪናዋ ዝም ስትል ልብሱ ወንበሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ እንኳ ይሰማል። ቆምኩለት፣ ቲንቲኑ አበቃ።

ለማን ልንገር? ለቤቲ ከነገርኩ ያው ያለችው ነው፣ መኪናዋ ትሄዳለች፣ አሰለፈች መስኮቷ ስር ትመለሳለች። ብቻ አላስችል ሲለኝ መኪናዋን ወደሚያከራዩት ሰዎች ሄድኩ፣ ስለ ድምፁ ትንፍሽ አላልኩም፣ የኋላው ቀበቶ ይጮሃል ብቻ ነው ያልኩት። የተቀበለችኝ ልጅ ስልክ የሚያህል ነገር ሰክታ አየች፣ ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀምጣ ተነሳች።

«አባባ፣ ምንም አልሆነም። ይሄ ሰው ወይም ከበድ ያለ ዕቃ ካልተቀመጠበት አይጮህም። ዕቃ አስቀምጠው ነበር?»

«አይ... አዎ፣ ሽንኩርት።»

«ለሽንኩርቱም ቀበቶ ይሰሩለታ!» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ «ካላመኑ መኪናዋን አስቀርተን እንፈትሻት፣ ለልጅዎ ልደውልላቸው?» አለች።

«ምን ያስደውላል ለሽንኩርት» ብዬ ወጣሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ የዋለ ቀን፣ አሰለፈችን ልወስድ ሩዋንዳ ሄድኩ። ገና አልመሸም፣ መብራት ግን ሰፈሩን ጥሎ ሄዷል። አሰለፈች ከጎኔ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ገና ስንነሳ ቲን፣ ቲን።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«የኋላ ቀበቶ ነው።»

«ከኋላ ማን አለና?»

«ማንም የለም፣ ብልሽት ነው።»

እሷ ወሬዋን ቀጠለች፣ እኔ ልቤ ከወሬው ጋር አልነበረም። እልህ ያዘኝ ወዳጄ፣ ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ በባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ ምን ልላት ነው፣ ዛሬስ አልቆምም፣ የሌለ ሰው አላወርድም አልኩ። ጎሮን አለፍን። የቆርቆሮ አጥሩ ታየ። ከኋላ «ወራጅ አለ» አለ። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አቁምለት እንጂ!» አለች አሰለፈች፣ «ሰውየው ወራጅ አለ ሲልህ አትሰማም?»

ማንን ሰውየው እንዳለች ያኔ ነው የገባት። ዞራ አላየችም፣ እኔም አላየሁም፣ ቲንቲኑ እየጮኸ፣ መጥረጊያው መስታወቱን እየጠረገ፣ አጥሩን ጥለነው አለፍን። ድምፁ ዳግመኛ አልተናገረም። ታክሲ ላይ መውረጃውን ሳሳልፈው የሚጮህብኝ፣ የሚሰድበኝ ተሳፋሪ ስንት ነበር፣ ይሄ ግን ምንም አላለም።

«ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

«ድምፁን ብቻ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለቤቲ ትነግሪያለሽ ብዬ።»

«ተመለስና ቦታው ላይ አውርደው» አለች፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

መዞሪያ ፈልጌ ተመለስኩ፣ እንደገና ዞሬ አጥሩ ጋ ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ጠበቅን። አሰለፈች ፊት ለፊቷን እያየች፣ ደንበኛ እንደምታናግር አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ደርሰዋል፣ ይውረዱ» አለች። ቲን፣ ቲን። ወርጄ የኋላውን በር በእጄ ከፈትኩለት፣ ዝናቡ ወንበሩ ላይ ገባ፣ ወንበሩ ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ሰርጉዶ ነበር፣ አልተነሳም። ዘጋሁትና ወደ ቤት ነዳሁ፣ ሌላ ምን ላደርግ?

አራብሳ ግቢያችን ገብተን ብሎካችን በር ላይ አቆምኩ፣ መኪናዋን ገና ሳላጠፋት ቲንቲኑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ፣ ልክ አጥሩ ጋ ሲወርድ እንደሚያደርገው። አሰለፈች እጄን ያዘችኝ። ሁለታችንም ብዙ ጊዜ አልወረድንም።

ቤት እንደገባን ቤቲ ደወለች።

«አባዬ፣ ወሩ ሊሞላ ነው፣ ላራዝመው ወይስ ይመለስ? ችግር ነበር እንዴ?»

አሰለፈችን አየኋት። ነጠላዋ ከነዝናቡ ነበር፣ በሩን ቆልፋ ወንበር አስጠግታበታለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ይራዘም የሚል ምልክት ሰጠችኝ።

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ አራዝሚው» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የኋላ ወንበሩ ጮኾ አያውቅም፣ ቆርቆሮ አጥሩ ጋም ወራጅ ያለኝ የለም።

አሰለፈች አሁን ጠዋት ከእኔ ቀድማ ወርዳ መኪናው ውስጥ ትጠብቀኛለች፣ ስፌት ቤቱ በማይከፈትበት ቀን እንኳ የሆነ ቦታ አድርሰኝ ትላለች። ጉልበትሽ እንዴት ነው ስላት ደህና ነው ትለኛለች። ቤት ውስጥ ግን ብቻዋን አትቀመጥም፣ እኔም፣ ላንተ ምን እደብቃለሁ፣ አድርሻት ስመለስ ግቢው ጋ አቁሜ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው የምውለው።