ዘፈኑ ተመለሰ፣ ሞተሩ ቀረ

በድንገት ታመው ለሕክምና የተጫኑት የበቆጂው የገብስ ነጋዴ አቶ ገብረ መድህን በአሮጌ አረንጓዴ መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው አሰላ ሆስፒታል በር ደረሱ። ሐኪሙ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አያቸውና ቃሬዛው ወደመጣበት እንዲመለስ በእጁ አሳየ። «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ።

ኢንስፔክተር ዘመናይ ተጠርታ ስትመጣ መጀመሪያ ያስተዋለችው ሬሳውን ሳይሆን ሽታውን ነበር። ሽታው ከሟቹ አልነበረም። የሟቹ ልጅ ፍሰሐ አጠገቧ ቆሞ ሲያለቅስ አፉ አዋዜ አዋዜ ይላል። እንባውን የሚጠርግበት ሶፍት ጥግ ጥጉ ቅባት ጠጥቷል።

«ሹፌሩ ነው የገደለው!» አለ ፍሰሐ። «መንገድ ላይ፣ ሳጉሬ ከተማ መኪናዋን ገትሮ አስጨረሰን። አባባ ሊያሰናብተው እንደነበር ያውቃል።»

«መኪናዋ ምን ሆና?»

«እኔ ምን አውቄ! የአባባን ቆርቆሮ አንድ ቀን ነድቼ አላውቅም። ከአዲስ አበባም የመጣሁት በሚኒባስ ነው።»

«ሳጉሬ ላይ ምን በላህ?»

ሶፍቱ ጉንጩ ላይ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«ምንም። እግዜር ያጽናህ።»

ሹፌሩ ባንተአምላክ አሰላ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ክሱ ነፍስ ማጥፋት እንደሆነ ሲነገረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዘመናይ ወንበር ሳበችለት።

«ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከጠፋ አይነሳም፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ይዞራል፤ እሳት ግን የለም። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከው ኮይል ሲሞቅ ይደክማል። እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አናጠፋትም። ብንቆምም እያጓራች ትቆያለች።»

«ለምን አልቀየራችሁትም?»

«ጋሼ ሊሸጧት ነበራ። አቶ አሰግድ የሚባሉ ገዢ ተገኝተዋል። ‹ለሚሄድ ዕቃ ምን አወጣለሁ? ወሬው ከወጣ ግን አንተን ነው የማውቅህ› አሉኝ። ገዢው በመጡ ቁጥር ቀድመን አስነስተን እንጠብቃቸዋለን።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩ።»

«ሳጉሬ ላይ ለቤተሰቡስ?»

ባንተአምላክ አንገቱን ደፋ። «‹ነዳጁ ቆሻሻ ይዞ ነው› አልኳቸው።»

ዘመናይ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጌታው እያጣጠሩም ሹፌሩ ሽያጩ እንዳይበላሽ ሲጠነቀቅ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አጠፋሃት?»

«አላጠፋሁም! ፍሰሐ ‹ለአባባ ውሃ ግዛ› ብሎ ላከኝ። እያጓራች ትቻት ወረድኩ። ስመለስ ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉ ግን እንደተከፈተ ነው፤ ሬዲዮኑም ይዘፍናል። በራሷ ጠፍታ ነው ብዬ አሰብኩ። በራሷ ጠፍታ ግን አታውቅም።»

በማግስቱ ዘመናይ መኪናዋን በአንድ ፖሊስ አስነድታ ከአሰላ ሳጉሬ ወጣች። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ መኪናዋ ያን ቀን በቆመችበት ከቆሎ ሻጮች ፊት አቁማ ሻይ ጠጣች፣ ደገመች፣ ሦስተኛም አዘዘች። መኪናዋ እያጓራች ጭሷን ለሻይ ጠጪው ሁሉ አካፈለች እንጂ አልጠፋችም። ከዚያ ዘመናይ ራሷ ቁልፉን ዘጋች። ሊያስነሷት ሲሞክሩ ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ እሳት የለም። እርጥብ ጨርቅ ጠምጥመው ጠበቁ፤ ሲበርድ ተነሳች።

የሹፌሩ ቃል እውነት ሆነ። ይኸው እውነት ግን የባሰ አሰረው፤ ምስጢሩን ከሟቹ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና።

ቆሎ ሻጯ ሀጂራ ያን ቀን እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«እኔ ዘፈኑን ነው የማስታውሰው» አለች። «ወላሂ፣ የምወደው ነበር። መሃል ላይ ቆረጡብኝ።»

«ሞተሩስ?»

«አብረው ጸጥ አሉ። ወዲያው ዘፈኑ ተመለሰ፤ ሞተሩ ቀረ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኤዬ፣ አዎ! ግጥሙ አምልጦኝ ተቆጥቼ የለ እንዴ!»

«ሹፌሩ ያኔ የት ነበር?»

«እዚያ ሱቅ፣ ውሃ ሊገዛ። ሽማግሌው ሲያቃስቱ ሰምቼ ‹ሚኒባስ ላስቁምላችሁ› አልኩ። ልጁ ‹ተይ፣ አባባን አናንገላታው፣ ሞተሩ አሁን ይነሳል› አለኝ። ከዚያ ሥጋ ቤት ገባ።»

«ሥጋ ቤት?»

«ቁርጥ አዘዘ። ‹አዋዜ ጨምሩ!› ሲል እዚህ ድረስ ይሰማል። አባቱ እዚህ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እሱ እዚያ አዋዜ አጥሮት።» ሀጂራ ምራቋን ወደ ጎን ተፋች።

የሟቹ ሚስት ተናኘወርቅ በቆጂ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር» አለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ገብርኤልን ስለምን መንቀጥቀጡ ቆመ። ሞተሩ መጥፋቱን ያወቅሁት በዚያ ነው።»

«ፍሰሐ የት ተቀምጦ ነበር?»

«ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን። እሱ እንደሆነ እናቱ አይደለሁም፤ አይወደኝም። እሁድ ሽማግሌ ፊት የአስፋልቱን ዳር ቤት ሊያወርሱኝ ነበር። ቅዳሜ ሞቱ።»

ዘመናይ አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። ፍሰሐ የመኪናዋን በሽታ ካላወቀ፣ ቁልፍ መዝጋት ጥፋት አይባልም።

በሠልስቱ ዕለት መኪናዋን አስነድታ ከአሰላ በቆጂ መጣች፤ ባንተአምላክን ከኋላ በካቴና አስቀምጣው። መኪናዋ እያጓራች ድንኳኑ ደጃፍ ቆመች። ገዢው አቶ አሰግድም ሊያስተዛዝን መጥቶ ነበር። ከንፈሩን እየመጠጠ ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ ይመታል።

ፍሰሐ ሰሃኑን አስቀምጦ ብድግ አለ። «መኪናችንን ስላመጡልን እናመሰግናለን። ጋሽ አሰግድ፣ ድምፅዋን ይስሙ፤ እንደ ሰዓት ነው።»

«እሺ፣ ቁልፉን ተረከብ» አለች ዘመናይ። እጇንም በመስኮቱ ወደ ቁልፉ ሰደደች።

«አታጥፊው!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መኪናዋ ዞረ። እርስዎ ሲል የሰነበተው ሰው አንቺ ማለቱን እንኳ ልብ ያለው አልነበረም።

«ለምን?»

«ባትሪው… ደካማ ነው።»

ዘመናይ ቁልፉን ዘጋች። «ጋሽ አሰግድ፣ እስቲ ያስነሷት።»

አሰግድ ገብቶ ሞከረ። ሞተሪኖው በጉልበት ዞረ፤ ሞተሩ አልተነሳም።

«ባትሪው የበሬ ጉልበት አለው» አለች ዘመናይ ወደ ለቀስተኛው ዞራ። «መኪናዋ ሞቃ ከጠፋች ኮይሉ ስለሚደክም አትነሳም። ይህን የሚያውቁት ሟቹና ሹፌሩ ብቻ ነበሩ፤ ሹፌሩም ለቤተሰቡ ነዳጅ ነው ብሎ ዋሽቷል። ሞተር በራሱ ሲጠፋ ሬዲዮን አብሮ አይጠፋም። ሳጉሬ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ጠፉ፤ ከዚያ ዘፈኑ ብቻ ተመለሰ። አንድ እጅ ቁልፉን ዘጋና በራሷ የጠፋች እንድትመስል መልሶ ከፈተው። ሹፌሩ ሱቅ ነበር። እትዬ ተናኘወርቅ ከኋላ ናቸው፤ ሟቹ ጭናቸው ላይ ተኝተዋል። ከፊት የቀረው አንድ ሰው ነው። ሹፌሩን ውሃ ግዛ ብሎ የላከው፣ ሚኒባስ አይቁም ያለው፣ ቁርጥ ሊበላ የሄደው እሱ ነው። ነድቻት አላውቅም ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ አታጥፊው አለኝ። ከየት አወቅህ፣ ፍሰሐ?»

«በጥር ሰርግ ሄጄባት መንገድ ላይ ስለገተረችኝ ነዋ!» አለ ፍሰሐ፤ ከዚያ የተናገረውን ሰማ።

ተናኘወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ፖሊሱ ካቴናውን ከባንተአምላክ እጅ ፈትቶ ለፍሰሐ አጠለቀለት። የፍሰሐ ጣቶች ገና በወጥ ቅባት ያብለጨልጫሉ።

ፍሰሐን ወደ በቆጂ ጣቢያ ይዘውት ወጡ። አሰግድ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ… ችግሩ ኮይሉ ብቻ ከሆነ፣ ዋጋው ላይ መነጋገር እንችላለን?»

አንዲት ሴት ለዘመናይ በሰሃን ምግብ አቀረበችላት፤ ዘመናይ ሥጋውን አየችና ሰሃኑን መልሳ ሰጠች።

የበቆጂ ብርድ ሥራውን ሠራ፤ ኮይሉ በረደ። ባንተአምላክ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ በአንዴ ተነሳች።

«ይግቡ፣ ኢንስፔክተር። ጣቢያ ላድርስዎት።»

ዘመናይ ሽማግሌው የሞቱበትን የኋላ ወንበር አየች።

«አጥፋት» አለች። «በእግሬ እሄዳለሁ።»